በሩ ሁለት ዓምድ ነበር

የወንድሜን ሚስት አራት ዓመት ሙሉ «ሙሽሪት» ስላት ኖርሁ። ሰው ሁሉ የፍቅር ስም ይመስለው ነበር። እሷም ራሷ «እትዬ ‹ሙሽሪት› ስትለኝ ደስ ይለኛል» ትላለች፤ የዋህ! እኔ ግን ሆን ብዬ ነበር። ሙሽራ እንግዳ ናት፤ ትናንት የመጣች ናት፤ የቤቱን ጓዳ አታውቅም። በስሟ ከጠራኋት የቤት ሰው ልትሆን ነዋ! እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ፤ ከመጀመሪያው ተናግሬው ልውጣ።

ሥራዬ ቅርጽ ማውጣት ነው። በጭቃ ወይም በእንጨት አይደለም፤ በኮምፒውተር ነው። ስክሪኑ ላይ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ድቡልቡል ነገር አለ፤ እሱን በብዕር እየጎተትሁ፣ እየጫንሁ፣ እየቆነጠርሁ ሰው አደርገዋለሁ። ሲያልቅ ስሪዲ ፕሪንተር ለምንለው ማሽን እሰጠዋለሁ። ማሽኑ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ስስ በስስ እየደረበ ያን ስክሪን ላይ ያለውን ሰው በእጅ የሚያዝ አድርጎ ያወጣዋል። ጣት የምታህል ቀዛፊ፣ ከበሮ ያነገተ ዲያቆን፣ ያ ከረጢት አፍ ያለው ትልቁ የባሕር ወፍ። ግሽ አባይ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ሆኜ እየሠራሁ ለስጦታ ዕቃ ሱቆች አቀርባለሁ። ፊት ላይ ማንም አይደርስብኝም። የስንዴ ፍሬ በምታህል ፊት ላይ ተጣልቶ ያደረን ሰው ታርቆ ካደረው ለይቼ አሳያለሁ። ይህን ስል ጉራ ከመሰለ ይምሰል።

መጠን ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉድ ነበርሁ። ስክሪን ያታልላል። ወፉንም፣ ቀዛፊውንም፣ ታንኳውንም እያንዳንዱን ስክሪኑን እስኪሞላ አቅርቤ ነው የምሠራው፤ ሲታተሙም ሁሉም ያው አንድ ጣት ያህል ሆነው ይወጣሉ። አንድ ቀን ባለ ሱቋ ሴትዮ ወፉንና ቀዛፊውን መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን አቁማ አየቻቸውና «እህቴ፣ ይኼ ወፍ ሰውየውን ሊውጠው ነው እንዴ?» አለችኝ። «ሥዕል ላይስ ቅዱሱ ከፈረሱ አይበልጥም? ጥበብ ነው!» ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ድንቄም ጥበብ!

ሙሽሪት ከአዳማ የመጣች ልጅ ናት። ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ስትለካ፣ ስትመዘግብ፣ የጎደለውን ወዲያ ስትጥል የኖረች። አባቴ ሰባታሚት ሰፈር እነሱ ቤት ሲገቡ ሥራዋን ለቃ ቤት ዋለች። ከዚያ «እትዬ፣ እኔንም አስተምሪኝ» ብላ መጣች። እኔም አስተማርኋት። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ትጠራርግልኛለች፣ የታተመውን ታጥብልኛለች ብዬ ይሆናል።

ብዕሩን በያዘች በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ ይኼ ወፍ ስንት ሜትር ነው?» አለችኝ።

«ወፍ በሜትር ይለካል እንዴ?»

«ካልተለካ ቁመቱ በምን ይታወቃል?»

በሁለተኛው ቀን ግድግዳዬ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር። በቃ፣ ሕጓ ይኸው ነበር። በዓለም ላይ አንድ ሜትር የሆነ ነገር እኛ ዘንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሰውም፣ ታንኳም፣ ዛፍም። ከዚያ አንድ ሰው ሠራች። ሰው ከተባለ! ፊት የለው፣ ጣት የለው፣ ታጥቦ ያለቀ ሳሙና ይመስላል። ቁመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ ሜትር። «ይኼ ሰውዬ አንድ ሜትር ከሰባ ነው» አለች። የምትሠራውን ሁሉ በሱ አጠገብ ታቆመዋለች። እኔ ያንን ሰውዬ ከልቤ ጠላሁት። ፊት እንኳ የለውም፤ ግን ሁሉም ነገር ለሱ ነበር የሚገዛው።

ሱቆቹ በስድስት ወር ውስጥ ወደሷ ዞሩ። የኔን ፊት እያደነቁ የሷን ታንኳ ይገዛሉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዛሬ የሷን ታንኳ የወሰደ ሰው በወሩ ቀዛፊውን ቢወስድ ልክ ይቀመጥለታል፤ መቅዘፊያው በእጁ ይገባለታል። የኔ ቀዛፊ የኔው ታንኳ ውስጥ አይገባም። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም፤ ቀናሁ። ያስተማርኋት እኔ፣ ማሽኑ የኔ፣ ክፍሏ የኔ!

ይህም ባልከፋ፤ ሥራ ሥራ ነው። የኔን ሆድ ያቃጠለው ሌላ ነው፤ አባቴ ናቸው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያገለገሉት ከባሕሩ ማዶ በጀልባ በሚደረስባት አንዲት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዓይናቸው የጠፋ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለሁ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም አሥራ አምስት ዓመት እዚያው አገልግለዋል። ዓምዱን እየዳሰሱ፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ፣ ማንም ሳይመራቸው ከበሩ እስከ መቆሚያቸው ይሄዱ ነበር። በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ጀልባ መውጣት መውረድ አልተቻለም። የኔ ክፍል ፎቅ ላይ ስለሆነች፣ የወንድሜ ቤት ደግሞ ግቢ ስላላት፣ ሰባታሚት ገቡ። እንግዲህ ጧት ውሃ የምታስታጥባቸው ሙሽሪት ሆነች። «ልጄ» የሚሏትም ሙሽሪትን ሆነ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

በየእሑዱ ጧት ነጠላቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ይቀመጡና «ጀልባው ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። እንደማይሄዱ ያውቁታል፤ ግን ይጠይቃሉ። ወንድሜ ወደ ደጅ ይወጣል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ያችን ቤት አንድ ጊዜ ተመልሰው ሳይገቡ መሞት ነበር የፈሩት፤ ሌላ የሚጠይቁት ነገር አልነበራቸውም።

አሳቡ የኔ ነበር። ይህን ማንም አይወስድብኝም። አንድ እሑድ «አባባ፣ ቤተ ክርስቲያኗን በትንሹ ሠርቼ ባመጣልዎትስ? በእጅዎ ይዞሯታል» አልኋቸው። መቋሚያቸውን አጋደሙ። ከዚያ «እግሬ እንቢ ካለ በእጄ ልግባ ነው የምትይኝ?» ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። ወዲያው ልኩን ይነግሩኝ ጀመር። የዓምዱ ውፍረት አንድ ክንድ፤ በሩ ሁለት ክንድ። «በሩ ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ያስገባል፤ ያን አትርሽ» አሉኝ። ከበሩ እስከ መቆሚያቸው አሥራ አራት እርምጃ፤ መቆሚያቸው ሦስተኛው ዓምድ ሥር። ሁሉም በጭንቅላታቸው ነበር። እኔ እየጻፍሁ፣ ሙሽሪት ከኋላ ቆማ ትሰማለች።

ክንድ ማለት ግማሽ ሜትር ነው ብዬ ጻፍሁ። ገበያ ጨርቅ ስንገዛ እንደዚያ አይደል? እርምጃውን ደግሞ በራሴ እርምጃ ለካሁት፤ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልሁ። ሁለቱ አንገጣጠም ሲሉኝ በዓይኔ አስተካከልሁ። ዓምዶቹን ቀጠን አድርጌ አሳመርኋቸው፤ በሩ ላይ መልአክ ቀረጽሁ፤ ሦስተኛው ዓምድ ሥር አባቴን አቆምሁ። ሁለት ወር ሠራሁት። ሲያልቅ ስፋቱ ሰፌድ ያህላል፤ ክዳኑ እንደ መሶብ ክዳን ይነሣል። ሳየው አለቀስሁ፤ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

አባቴ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ጣታቸው በዙሪያው ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ቆመ። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የሆኑት። «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ይህች ግን… የማን ቤተ ክርስቲያን ናት?» ከዚያ ጣታቸው ሦስተኛው ዓምድ ሥር ደረሰ። «ይኼስ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እኔ?» የምስሉን ራስ ዳሰሱ፤ በሩን ዳሰሱ። «በዚህ በር እኔ እንዴት ነው የምገባ? በአራት እግሬ ልሂድ?»

ወንድሜ ሳቀ። ሙሽሪት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴም እየሳቁ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!» አሉ። ለጨዋታ ነው ያሉት። እኔ ግን ዕቃዬን ሰብስቤ ባጃጅ ይዤ ሄድሁ፤ ምሳም አልበላሁ።

በማግስቱ ወንድሜ ምን እንደተደረገ ደውሎ ነገረኝ። ሙሽሪት ከአባቴ ፊት ተንበርክካ «አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለች። ክንዳቸውን ከክርን እስከ መካከለኛው ጣታቸው ጫፍ በሜትር ለካችው። አርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ደግፋ አስነሣቻቸውና ቤት ውስጥ አሥራ አራት እርምጃ አስኬደቻቸው፤ የእያንዳንዱን እርምጃ ርቀት ጻፈች። ለካ «አንድ ክንድ» ሲሉ የራሳቸውን ክንድ ነበር የሚሉት! የማንን ሊሉ ኖሯል? እኔ የወለዱኝ ልጅ ክንዳቸውን ለመለካት አላሰብሁም፤ ከአዳማ የመጣችው አሰበች። «እሷ ትሥራው ብለዋል» አለኝ ወንድሜ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ለመለካት ጀልባ ስትሳፈር ግን አብሬ ተሳፈርሁ። ብቻዋን ላስኪዳት? አትቀልዱ። ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኗ ጠባቂ የሆኑት ቄስ ሜትሯን አይተው «ምነው፣ ልትሸጧት ነው?» አሉ። ለማን እንደሆነ ስትነግራቸው የሜትሩን ጫፍ ያዙላት። ዓምዱን ለካች፤ አርባ ሦስት። በሩን ለካች፤ ሰማንያ ስድስት። ሁለት ክንድ፣ ሁለት ዓምድ፤ አንድ ጣት እንኳ ዝንፍ አላለም። «እትዬ! አባባ አልተሳሳቱም! አንዲት ነገር አልተሳሳቱም!» ብላ አቀፈችኝ። «አትንገሪያቸው እሺ? በእጃቸው ያግኙት።» እሺ አልሁ። ስንመለስ ጀልባ ላይ ስለ አባቴ ስታወራ፣ ስለ ቁርሳቸው፣ ስለ ሳላቸው፣ ስለሚያዜሙት ስታወራ፣ እኔ ባሕሩን እያየሁ ነበር። የኔን አባት ለኔ ታወራልኛለች!

ፋይሉን ሠርታ ወደኔ አመጣችው። ማሽኑ የኔ ነው፤ የማትመው እኔ ነኝ። ክፍል ክፍል አድርጋ ለይታዋለች፤ ግድግዳው ለብቻ፣ ዓምዶቹ ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ፣ በሩ ከነመቃኑ ለብቻ። ፊት የሚባል ነገር የለበትም፤ መልአክ የለ፣ ጌጥ የለ። ሦስተኛው ዓምድ ሥር ባዶ ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ በሩን ነካሁት። ስፋቱን የሚያሳይ አንዲት ሣጥን አለች፤ «መቶ» ይላል፤ መቶ በመቶ ማለት ነው። መቶውን አጠፋሁና «ሰማንያ ሁለት» ብዬ ጻፍሁ። የስፋቱን ብቻ። የተረፈውን ቀዳዳ እንዳይታወቅ መቃኑን አወፈርሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ነው ያደረግሁት። ምን ፈልጌ? አባቴ የሷንም ዳስሰው «ይህች የማን ቤተ ክርስቲያን ናት?» እንዲሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እሑድ ሰባታሚት ሄድሁ። አባቴ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ሙሽሪት ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቴ የመጀመሪያውን ዓምድ እንደነኩ ፊታቸው ተለወጠ። «ኧረ! ኧረ እሷ ናት!» አሉ። ጣታቸው በዙሪያው ይሮጥ ጀመር፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው አካሄድ ነበር። «ይህች ዝናብ የምታስገባው ናት… ይኼ ከበሮው የሚሰቀልበት…» ዜማ በአፍንጫቸው ያወርዱ ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ፣ ልቤ እንደ ኮሶ መሮኛል። ከዚያ ከበሩ ደረሱ።

ዜማው ቆመ። ዓምዱን በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ለኩ፤ ያንኑ የጣታቸውን ልክ በሩ ላይ አኖሩት። እንደገና ዓምዱን። እንደገና በሩን። «በሩ ሁለት ዓምድ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሙሽሪት ተነሣች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባባ። በደንብ አልለካሁትም ይሆናል።»

«አንች አትሳሳችም» አሉ። «ሌላውን ሁሉ ልክ አድርገሽ በሩን ትስቻለሽ? አይደለም። እኔ ነኝ የረሳሁ።»

አባቴ የጻፉት መጽሐፍ የላቸውም፤ ቢኖርም አያነቡት። ያላቸው ሁሉ በጭንቅላታቸው ነው። ዜማውም፣ ቅኔውም፣ እናቴም፣ የኔ ልጅነትም እዚያ ነው ያለ። ያን ቤት ከእጃቸው አስቀምጠው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። የዓመቱን ዜማ ከመጀመሪያው ጀምረው እያነበነቡ ራሳቸውን ሊፈትኑ ነው። ሌላስ ምን ረስቼ ይሆን ብለው ነው። ጀመሩ፤ ሄዱ፤ አንድ ቦታ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩ። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። አልተናገርሁም። ምላሴ ተቆርጦ ቢቀር ይሻል ነበር።

ማክሰኞ ሙሽሪት ክፍሌ መጣች። በሩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። ካሊፐር የምትለውን የብረት መለኪያዋን አውጥታ በሩ ላይ ገጠመችና አሳየችኝ፤ አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ሊሆን የሚገባው አሥራ አራት ነው። ዓይኔን አላየችኝም። «ማሽኑ ነው እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ።

ታውቃለች። እንደምታውቅ አወቅሁ። የመናዘዣውን በር ከፍታ ቆማ ግቢ እያለችኝ ነው። «ማሽኑ ነው» አልሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እሺ። አባባ ምግብ አልበላም ብለዋል። ሌት ተቀን ያነበንባሉ። ሰማንያ ስድስት ነው የለካሁት ስላቸው ‹ልታጽናኚኝ ነው› ይሉኛል። አሁን ማሽኑ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«በሩን እንደገና አትሜ ልስጥሽ?»

«እሱንም ብያቸው ነበር። ‹እኔ ስላልሁ አስፍታችሁ ታመጡልኛላችሁ፤ ለሽማግሌ እንዲህ ነው የሚደረግ› አሉኝ።»

ረቡዕ ጧት ወንድሜ ደወለ። ማሽኑ ነው ብላ ነግራቸው ነበር፤ «ማሽን ምን ጥል አለው ከኔ በር ጋር?» ብለዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። እንግዲህ አስቡት። ሙሽሪት ብትምል አያምኗትም፤ ሙሽሪት እንደማትሳሳት ከራሳቸው ጭንቅላት ይልቅ አምነዋላ! እዚያም ላይ ቀናሁ። እንዲህ ሆኜም ቀናሁ። እሷን ላሳጣ ብዬ አባቴን አሳጣሁ፤ መመለስ የሚችል ደግሞ ሰው ከኔ በቀር የለም።

ባጃጁ ሰባታሚት እስኪደርስ ሦስት ጊዜ ልመለስ አስቤ ነበር። አባቴ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ በሩን ያጠበብሁት እኔ ነኝ።»

ከንፈራቸው ቆመ።

«ሙሽሪት ልክ አድርጋ ነበር የሠራችው። ሳትም ሆን ብዬ አጠበብሁት። ቤተ ክርስቲያኗ ሄደን ለክተነዋል። ሰማንያ ስድስት ነው። ሁለት የእርስዎ ክንድ ነው።»

«ሁለት ዓምድ ነው?»

«ሁለት ዓምድ ነው።»

«ማይልኝ።»

«በእናቴ አጥንት።»

ቀና ብለው ተቀመጡ። «አልረሳሁም» አሉ። «አልረሳሁም! ተመስገን! ተመስገን!» መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ እየመቱ፣ እንባቸው እየወረደ። እኔ ለእርግማን ተዘጋጅቼ ነው የሄድሁ፤ እሳቸው መኖሬንም ረሱት። ሙሽሪት ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

በኋላ እንባቸውን ጠረጉና «ለምን ግን?» አሉኝ።

«ቀንቼ ነዋ!»

«በማን?»

በማን ይላሉ! እዚያ ቤት ስንት ሰው አለ? «በሷ ነዋ። ልጄ ይሏታል።»

 «እኔም እኮ እቀናለሁ» አሉ። «ሦስተኛው ዓምድ ሥር አሁን ሌላ ሰው ቆሟል። ጎልማሳ ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው ይላሉ። እሑድ በመጣ ቁጥር እግሩን ወለምታ ይያዘው እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ድምፃቸው ጠጠር አለ። «በሩን ግን መልሽው። ዛሬውኑ። እሷንም ይቅርታ በያት።»

ይቅርታ አልኋት። እንዴት ከበደኝ መሰላችሁ! «እሺ እትዬ» ብላ ሳህኑን ሰጠችኝ፤ «አብልያቸው»። ጎረስሁም፣ አጎረስኋቸውም።

በሩን ያን ዕለት ከሰዓት አተምሁት፤ መቶ በመቶ። አባቴ ዓምዱን ለክተው በሩ ላይ አኖሩ፤ አንድ፤ ሁለት። ገቡ። ጣታቸው አሥራ አራቱን እርምጃ ሄዶ ሦስተኛው ዓምድ ሥር ደረሰና ባዶ ሆነባቸው። «እኔስ?» አሉ።

«እሱን እትዬ ትሥራው ብዬ ነው የተውኩት» አለች ሙሽሪት። «እኔ ፊት አልችልም።»

ሜትሯን ተውሼ አባቴን ግድግዳ አስደግፌ አቆምኋቸው። ራሳቸው ላይ መጽሐፍ አኖርሁና ለካሁ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁ። እኔ አንድ ሜትር ከስልሳ አራት ነኝ። ስንቱን ዓመት ቀና ብዬ ሳያቸው ኖሬ፣ አባቴ ለካ ከኔ ያጥራሉ። ልጅ ሳለሁ በሩን ሞልተው ሲገቡ ነበር የማስታውሰው፤ እንደዚያው አድርጌ ሠርቻቸው ነበር። «ስንት ሆንሁ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «አንሻለሁ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

በሙሽሪት ሕግ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከአንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን። ሳምንት ሠራሁት። ስክሪኑን ሞልተው እያየኋቸው እጄ የቁመቱን ሣጥን ሊነካ ስንት ጊዜ ከጀለ! አልነካሁም። ያ ፊት የሌለው ሰውዬ አጠገባቸው ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያያቸዋል፤ ይያቸው አልሁ። ፊታቸውን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ እንደማስታውሰው አደረግሁት፤ ግንባራቸውን፣ የቀኝ ቅንድባቸውን ጠባሳ፣ ዓይናቸውን።

እሑድ ቦታቸው ላይ አቆምሁላቸው። ጣታቸው በበሩ ገባ፤ ሄደ፤ የምስላቸው ራስ ላይ ዐረፈ። ቁመቱን ከዓምዱ ጋር ለኩት። «እኔ ነኝ» አሉ፤ «ይኼስ እኔ ነኝ።» ፊቱን አልዳሰሱትም። ቢዳስሱትስ? የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ለሽማግሌ ጣት ምን ትነግረዋለች? ሳምንት ሙሉ የሠራሁትን አያውቁትም፤ ያወቁት ቁመቱን ነው።

ያየችው ሙሽሪት ናት። የፋብሪካ አጉሊ መነጽሯን አውጥታ፣ ከፊታቸው ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ተመለከተች። ቆየች። እሷ ወደኛ ቤት ስትገባ የአባቴ ዓይን ጠፍቶ ነበር፤ ተገልጦ አይታው አታውቅም።

«ዓይናቸው እንዲህ ነበር እንዴ፣ እትዬ?» አለች፤ መነጽሩን ሳታነሣ።

«እንዲህ ነበር» አልኋት።

«እንዲህ ነው የሚያዩሽ የነበረው?»

«እንዲህ ነበር የሚያዩኝ።»

 ስትነሣ ፊቷን አየሁት፤ ያን ፊት ከመስታወት አውቀዋለሁ፤ የቅናት ፊት ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላም ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ በስሟ መጥራት ጀመርሁ።